አመድ በወተት

ሥራዬ ወተት ነው። ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ እሑድ
በደቡብ አይስላንድ፣ በባሕሩ መንገድ፣
ከበረት ወደ በረት ጎማዬን ሳሽከረክር
ሰዎቹን በላሞቻቸው ነበር የማውቀው፣ ብዙም ሳልናገር።

ያን ማክሰኞ ግን፣ ግልገል በሚወለድበት ወራት፣
ሁለት መቶ ዓመት ያንቀላፋው ተራራ
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ልክ በሰው ራት።

ሲነጋ አልነጋም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የነጋው፣
ሰማዩ ግን እንደተዘጋ ነው።
መብራት አብርቼ፣ በእኩለ ቀን ላይ፣
መጥረጊያው መስታወት እየፋቀ፣ መንገዱን ሳላይ፣
የዳሩን ቢጫ ዘንግ እንደ መቁጠሪያ
አንድ ባንድ ቆጥሬ ደረስኩ ከኦድኒ ደጅ፣ ከመንደሩ መግቢያ።

ኦድኒ፣ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣ የዋና መነጽር አጥልቃ፣
የትራስ ጨርቅ ባፏ ላይ፣ ከማጅራቷ አጥብቃ፣
ከጣራ ላይ በአካፋ ትዝቃለች።
«አርባ ዓመት ለመዘምራኑ ኬክ ጋግሬ፣ አንድ ሰው አላመሰገነኝ፤
አመድ አፋሽ ማለት እኔ ነኝ!
ይኸው ዛሬ፣ ተራራው መሰከረልኝ።»

ሳቅኩ፤ ሳቄ በጥርሴ መሀል ተንቀጫቀጨ።
አመድ በዱቄት ሲስቅ ነበር በተረት የሰማነው፣
ያን ቀን በወተት ሳቀ፤ ባልዲው ላይ
ግራጫ ሻሽ ነው ያየነው።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሬዲዮው በየሰዓቱ
«መስኮት ዝጉ፣ እርጥብ ጨርቅ ወትፉ ከስንጥቃቱ»
ይላል፣ የድንች ዋጋ በሚናገርበት በዚያው ድምፅ።

ቶርሞዱርና ስቫቫ፣ አጥር ለአጥር የሚያርሱ፣
በአንድ ቦይ ሰበብ ተኳርፈው ሰላምታ የረሱ፣
ድንበራቸውን አመዱ ክንድ ሙሉ ቀብሮት አደረ፤
የሷ በግ ከሱ በግ ጋር ባንድ ቀለም ተነከረ።
የጆሮ ምልክት ነው የሚለያቸው፣ እሱም በጣት ዳሰሳ፤
«ይቺ ያንቺ ናት» አላት።
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝምታ የሰበረች
አንዲት ሐረግ፣ አጭር፣ ደሳሳ።
ስቫቫ መልስ አልሰጠችም፤ የእጅ ባትሪ አበራችለት፣
በጊቱ ምጥ ላይ ነበረች፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደላት።

ሁሉም አልተረፈም። ብራጊ ሦስት በግ ቀበረ፣ ሳያለቅስ።
ያስለቀሰው አንሶላ ነው።
ሚስቱ ሆስፒታል ሳትሄድ አጥባ ያሰጣችው፣
ገመዱ ላይ የተረሳው።
«ላራግፍልህ?» ብለው
«ተይው፣ እጇ አለበት» አለው ለአየሩ፣
እኔ ወንድ መሆኔ ጠፍቶት።

ላም ተራራ አታውቅም፤ ጡቷ ሰዓት ነው የሚያውቀው፤
ጧት ማታ ታለቡ።
በሦስተኛው ቀን ግን ፋብሪካው ወተቱን አልቀበልም አለ፣
ይደፋ አለ፤ እኔ ነኝ ዞሬ የነገርኳቸው።
ያን ስናገር አፈርኩ። ኦድኒ ባልዲዋን አንሥታ
ቦዩ ላይ ገለበጠችው፣ አንዴም ሳታመነታ፤
ነጩ በጥቁሩ ላይ ጥቂት ሄደ፣ መንገድ የጠፋው ሰው ይመስል፣
ቆመ፣ ሰመጠ።
«ነገም እናልባለን» አለች፤
አካፋዋን ፈለገች።

የስቫቫ የልጅ ልጅ ኢልቫ፣ ስምንት ዓመቷ፣ ሥራ ፈታ፣
በመኪናዬ ጎን ላይ፣ በአመዱ፣ በሌባ ጣቷ
በሕይወት የተወለደ ግልገል ቁጥር ትጽፋለች፤
አርባ አንድ። ማክሰኞ ስመለስ በመዳፏ ታጠፋለች፣
አርባ ስምንት። የማን በግ እንደሆነ አትጠይቅም፣
የሱንም የሷንም ትደምራለች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዝናብ መጣ።
ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ፊቱን ሰጠው፤ ቶርሞዱር
ኮፍያውን አውልቆ፣ ራሰ በራውን፣ እንደ ሳህን።
እኔ ግን ተሯሩጬ መኪናዬን
ከኦድኒ ጎተራ ጣራ ሥር አስገባኋት።
«ምን ሆነሃል? መጣልህኮ፣ ይጠብልህ!» አሉኝ።
ምን እላቸዋለሁ? በጎኗ ላይ
ስድሳ ሁለት የሚል ተጽፏል።

አጥሩ በሰኔ ተመልሶ ተተከለ፣ እዚያው የነበረበት።
ሰላምታው አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም በአገጭ።
ሣሩ ግን፣ እኔ እንጃ፣
እንደዚያ ዓመት ለምልሞ አላየሁትም።

መኪናዋን በማግስቱ አጠብኳት።
ወተት ነው የምጭነው።